ትንሽ ጠጥታ ሩቅ የምትሄድ

የየሺ አልጋ ከሳሎን ወጥቶ ጓዳ የገባው መኪናዋ ማደሪያ ስላጣች ነው። ነጌሌ ላይ ጅብ ጎማ እንደሚበላ የማያውቅ ሰው የለም፤ ገበያው ዳር ያደረ የጭነት መኪና ጠዋት አንድ እግሩን አጥቶ የተገኘበትን ቀን ከተማው ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ ቢረሳው ከሻሸመኔ ያመጣትን አሮጌ ሰይቸንቶ ደጅ ማሳደር እንደማይሞከር ለሚስቱ ሲያስረዳት፣ እሷ ለመከራከር እንኳ አፏን አልከፈተችም። ቤቱ ድሮ የአንድ ዓረብ ሱቅ ስለነበረ በመንገዱ በኩል ያለው የሳንቃ በር ሰፊ ነው፤ ደፉ ላይ ሁለት ጣውላ ሲጋደምበት መኪናዋ ልክክ ብላ ትገባለች። አልጋው ተነሣ፣ ቁምሳጥኑ ተገፋ፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ሥዕለ ማርያም ከነመጋረጃዋ ከመኪናዋ አፍንጫ በላይ ቀረች። የሺና የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃቸው ዓለሚቱ ጓዳ ማደር ጀመሩ፤ ቢረሳው ደግሞ ታጣፊ አልጋውን ከጎማው አጠገብ ዘርግቶ እንደ ዘበኛ ይተኛል። ጎረቤቶቹ «ቢረሳው በላይዋ ላይ ሌላ አገባባት» እያሉ ሲስቁ የሺም አብራ ትስቅ ነበር፤ ግን ጥርሷ ብቻ ነበር የሚስቀው። ዓለሚቱ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ለስላሳ መቀመጫ ያለው እዚያ ብቻ ነበር።

ቢረሳው የአውራጃው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በአርባ ስምንት ዓመቱ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው። ዓረቦች ነዳጅ ከዘጉ፣ ቤንዚን ዋጋው ከተሰቀለ ወዲህ ስብከቱ አንድ ሆኗል። «ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው ከእንግዲህ የሚያቃጥለው ነዳጅ አይደለም፣ ትዳሩን ነው» ይላል፤ ከሳሎኑ የተነሣውን አልጋ ረስቶ። ያቺ የእሱ ሚጢጢ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስድስት ሊትር ይበቃታል። ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ለለቀቃት ደግሞ አምስትም አትጨርስ። ከሃያ ዓመት በኋላ እያንዳንዱ አስተማሪ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ፣ እያንዳንዱ ድሬሰር እንዲህ ያለች መኪና ይኖረዋል፤ ፈረንጆቹ እያሳነሱ እያሳነሱ ሄደው በሁለት ሊትር ሻሸመኔ የምታደርስ ይሠራሉ፤ ዋጋዋም ከአንድ ጥሩ በቅሎ አይበልጥም። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ይበራል፤ የሚሰማው ሰው ባይኖር እንኳ ይናገራል። የሺ አንድ ቀን ብቻ «አፍ ዳገት አይፈራም» ብላው ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ቢረሳው ስለ ዓለም አልተሳሳተም። መንገደኛ ላሳፍርባት ብሎ ሲገዛት የተሳሳተው ስለ ነጌሌ ነው። የነጌሌ መንገደኛ ብቻውን አይጓዝም። ፍየል ይዞ፣ አሞሌ ይዞ፣ የቅቤ ቅል አንጠልጥሎ፣ ሁለት ልጅና አንድ አሮጊት አስከትሎ ነው የሚጓዝ። የጭነት መኪና ይህን ሁሉ ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ያደርሳል። ሰይቸንቶዋ ዘንድ የመጣ ሰው ግን በመስኮት ወደ ውስጥ ያያል፣ ፍየሉን ያያል፣ ደግሞ ቢረሳውን ያያል፣ ከዚያ ሳቁን እየዋጠ ወደ ጭነት መኪናው ይሄዳል። በሦስት ወር ውስጥ ያሳፈራቸው መንገደኞች በሁለት እጅ ጣት ይቆጠራሉ። እሱ ግን «ጊዜዋ አልደረሰም እንጂ» እያለ በየማታው አቧራዋን ይጠርግላታል።

የዚያ የመጋቢት እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱም መኪናዋን ወደ ውጭ ይገፉ ነበር። ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሣት ግድግዳውን በጥላሸት ስለሚያጠቁር በየቀኑ በእጅ ነው የምትወጣው። ጣውላው ላይ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ለገመች። ድንገት ቀለለቻቸው። ቢረሳው ዞር ቢል አንድ ረጅም ሰው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በረባሶውን መሬት ተክሎ፣ ከዓለሚቱ ጎን በሁለት እጁ ይገፋል። ጃልዴሳ ነበር። መኪናዋ መንገድ ላይ ከቆመች በኋላ ነው ቀና ብሎ «አካም? ናጋ?» ብሎ ሰላምታ የሰጣቸው።

ጃልዴሳ የሊበን ቦረና ነው፤ ስልሳ ከብት የነበረው ሰው። ቢረሳው ወጣት ጸሐፊ ሳለ ያለ ጥፋቱ ለታሰረው የጃልዴሳ ወንድም ማመልከቻ ጽፎለት፣ ሰውየው ተፈቷል፤ ወዳጅነታቸው ከዚያ ይጀምራል። ዓለሚቱ ስትወለድ ጃልዴሳ አንዲት ጊደር እየነዳ መጣ። ቦረና ለተወለደ ልጅ በእትብቱ ከብት ይሰጣል፤ ሀንዱራ ይሉታል። የሀንዱራ ከብት፣ ከርሷም የሚወለደው ሁሉ፣ የልጁ ነው። አባትም ቢሆን ልጁን ሳያስፈቅድ አይነካውም። ያቺ ጊደር በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት ሆነች። ከሦስት ዓመት በፊት ቢረሳው «አዶላ በኩል ሣሩ አይጠፋም» ብሎ ከጃልዴሳ ተረክቦ፣ ከአዶላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው የየሺ ወንድም ርሻ ላይ አስቀመጣቸው። ዓለሚቱ በየመስከረሙ እየሄደች ታያቸዋለች፤ በየስማቸውም ትጠራቸዋለች፤ ከሁሉም አብልጣ የምትወዳት ዳማን ነው። ያላወቀችው ነገር ቢኖር ጥር ላይ አባቷ ሰባቱንም አዶላ ገበያ ሸጦ፣ ወደ ሻሸመኔ ወርዶ፣ በዘጠኝ መቶ ብር ይህቺን መኪና መግዛቱን ነው። መኪናዋ የሷን የአዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ ታወጣለች፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ፣ ትስቃለች እንጂ አታዝንም ብሎ ነበር። የሺ ታውቃለች። ከጥር ጀምሮ ዝም ያለችው ስለ አልጋው አልነበረም።

እንግዳውን ወደ ሳሎን አስገቡት። መኪናዋ ስትወጣ ክፍሉ ባዶ ይመስላል፤ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ፣ ጥግ ላይ ሁለት የእንጨት ዱካ። ጃልዴሳ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ከስቷል፤ ሽርጡ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዟል። የሺ ሻይና ዳቦ አመጣችለት። ሰላምታው እንደ ደንቡ ረዘመ፤ ሰው ናጋ? ናጋ። ልጆች ናጋ? ናጋ። ሎን ናጋ? እዚህ ላይ ጃልዴሳ ሻዩን ፉት ብሎ፣ ከብቱም ደኅና ነው አለ፤ ቦረና ሰላምታ ላይ ሞት አይናገርም። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን መሬት ካስቀመጠ በኋላ ነው ዝቅ ባለ ድምፅ እውነቱን ያወጣው።

«ሎን ዱሜ» አለ። «አለቀ። የጥቅምቱ ዝናብ፣ ሀገያ፣ አልዘነበም። የመጨረሻው በሬ ከትናንት በስቲያ የውኃ ጉድጓዱ፣ የኤላው፣ አፍ ላይ ወደቀ። ውኃው አለ፣ የሚጠጣው የለም።»

ቢረሳው «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ለሰውየው ከልቡ አዘነ፤ ቦረና ከብቱ ሲያልቅበት ሀብቱ ብቻ አይደለም የሚያልቅ፣ ስሙም ነው የሚያልቅ። የጃልዴሳ ሚስትና አራት ልጆቹ እኅቱ ዘንድ ተጠግተዋል፤ እኅቱም ያላት ሁለት ፍየል ነው። ልጆቹ ወተት ካዩ ወር አልፏቸዋል፤ እናታቸው የሻይ ቅጠል እያፈላች ነው የምታሳድራቸው። ቢረሳው ደሞዙ ሲወጣ አንድ ኩንታል በቆሎ ልኮ ሊረዳው በልቡ አሰበ። እንዲያ ብሎ ሊናገርም አፉን ሲከፍት ጃልዴሳ ፊቱን ከሱ አዙሮ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ዓለሚቱ ተመለከተ።

«ኢንተላ ቲያ» አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «አባትሽን አይደለም የምጠይቅ። ላሙ የሱ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ስትወለጂ በእትብትሽ ጊደር ሰጠሁ። አሁን ሰባት ሆነ፣ አዶላ ሣር አለ፣ አይሞትም። እኛ ቦረና ከብት ያለቀበትን ሰው ወገኑ ያቆመዋል። የኔ ወገን ሁሉም አልቆበታል። ያለው አንቺ ጋ ነው። አንድ ስጪኝ። ልጆቹ ይጠጡ።»

ጓዳ ውስጥ ይሰማ የነበረው የሰሐን ድምፅ ቆመ። ቢረሳው ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ተረት ትዝ አለው፤ ልጅ ሆኖ ሲሰማው ያስቀው ነበር። አሁን መናገር ይችላል። ሁለት ቃል ይበቃል፤ ሸጥኳቸው ማለት ብቻ ነው። ዓለሚቱ ግን አባቷን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። አንድም ትልቅ ሰው እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሮ ጠይቋት አያውቅም፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ወደ መሐል መጣች።

«አንድ ብቻ ከወሰዱ ብቻዋን ትናፍቃለች» አለች። «ሁለት ይውሰዱ አባባ ጃልዴሳ። አንዷ የምትታለብ፣ አንዷ ያረገዘች።»

ጃልዴሳ ተነሣ። መዳፏን ዘርግቶ እትፍ እትፍ ብሎ መረቃት፤ ቢረሳው የሚያውቀውን ያህል ኦሮምኛ እየተከተለ ሰማው፤ ወልደሽ ሳሚ፣ ማጀትሽ አይጉደል፣ ደጅሽ በጥጃ ድምፅ ይሙላ። ሰውየው ሲያለቅስ አይቶት አያውቅም፤ አሁንም አላለቀሰም፣ ግን ቃሉ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ተቆረጠ። ቢረሳው ጨነቀው። የጨነቀው ሰው ደግሞ ከአፉ የሚወጣውን አይመርጥም፤ «ዛሬውኑ በመኪና እወስድሃለሁ» አለ። ዓለሚቱ እኔም ልሂድ ብላ ዘለለች። የሺ ከጓዳ ብቅ አለችና «አንቺ ነገ ትምህርት አለሽ» አለቻት። ባሏን አየችው።

ጃልዴሳ በሕይወቱ የተሳፈረው ጭነት መኪና ላይ ነው፤ ከእህል ጆንያ በላይ፣ ነፋስ ላይ። ሰይቸንቶዋ ውስጥ ጉልበቱ አገጩን ነካ፣ ዱላው በመስኮት ወጣ። ከተማውን ለቀው ቀዩ አፈር፣ ግራሩና ኩይሳው ሲጀምር ግን ወንበሩን ለመደ። መንገዱ ዳርና ዳር ላይ የወደቁ ከብቶች ነበሩ፤ አንዳንዱ ቆዳው ብቻ ቀርቶ አጥንቱ ላይ ደርቋል። ሁለቱም አይተው አለፉ። ትንሽ ቆይቶ ጃልዴሳ፣ ምናልባት ወሬ ለማንሣት ያህል፣ ይህቺ ምን ያህል ትጠጣለች ብሎ ጠየቀ። ቢረሳው ነገረው፤ ከዚህ አዶላ ድረስ የዚያችን የውኃ ቅል ሦስት አራት እጥፍ ቢሆን ነው አለው። ጃልዴሳ ቅሉን አነሣና በእጁ መዘነ።

«ትልቁ መኪናስ?»

«በርሜል ነው የሚጠጣ።»

«እንግዲያ ይህቺ ግመል ናት» አለ ጃልዴሳ። «ትንሽ ጠጥታ ሩቅ የምትሄድ። የድርቅ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው የሚተርፈው። ትልቅ ሆድ ያለው ቀድሞ ይሞታል።»

ሦስት ወር ሙሉ ለመዝገብ ቤቱም፣ ለጠጅ ቤቱም፣ ለሚስቱም ሲሰብክ ማንም አልገባውም ነበር። አሁን በአንድ ንግግር የገባው ሰው ተገኘ፤ እሱም ይህ ሰው ነው። ቢረሳውን መሪው ላይ እንዳለ ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ ያዙት። ጃልዴሳ ደግሞ አላቆመም፤ ሞተሩ ለምን ከኋላ እንደሆነ ጠየቀ፣ ስንት ዓመት እንደምትቆይ ጠየቀ፣ ከተማ ውስጥ ለምን ሁሉም ሰው እንደማይገዛት ጠየቀ። እየጠየቀ በመዳፉ የበሩን ቆርቆሮ እንደ ጥጃ ጀርባ መታ መታ ያደርገዋል። ጥሩ እንስሳ ናት አላት።

ዳገቱ ሲጀምር አየሩ ተለወጠ። ዝናብ የነካው አገር ደረሱ፤ በመንገዱ ቀኝ በኩል ለምለም ሣር እስከ ጫካው ድረስ ተዘርግቷል። ጃልዴሳ አቁም አለው። ወርዶ ዝቅ አለ፣ በሁለት እጁ ሣር ነጨ፣ አሸተተው። ቦረና ሣር ይዞ ነው የሚለምንም የሚመርቅም፤ የልጅቷን ከብት ሲያገኝ በዚህ ሊመርቃቸው መሆኑን ቢረሳው አወቀ። «ሎን እዚህ ይጠግባል» አለ ጃልዴሳ፣ ፊቱ በአንድ ጊዜ ዐሥር ዓመት ወጣት ሆኖ። «የምትታለበው ለልጆቹ። ያረገዘችው ስትወልድ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አባቴም ከአንድ ነው የጀመረ።»

ቢረሳው ከዚህ በላይ አልቻለም። መኪናዋን ተደግፎ፣ ዓይኑን ሣሩ ላይ አድርጎ ነገረው። ጥር ላይ መሸጡን፣ ለልጅቷ ትምህርት ብሎ መሆኑን፣ ልጅቷ አለማወቋን። ቃሉ ሲወጣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነገር ይመስል ነበር።

«ሰባቱንም?» አለ ጃልዴሳ።

«ሰባቱንም።»

ጃልዴሳ ሣሩን እንደያዘ መኪናዋን በዝግታ ዞራት። ፊቷን አየ፣ ጀርባዋን አየ፣ የጋለውን የሞተር ክዳን በእጁ ነካ። ቢረሳው ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ ዱላውን ቢያነሣበት እንኳ ደስ ይለው ነበር። «እሸጣታለሁ» አለ ቶሎ ብሎ፤ «ነገ እሸጣታለሁ፣ ላም እገዛልሃለሁ።» ማን እንደሚገዛት ግን አያውቅም፤ በዚህ ሰሞን ባለታክሲው ሁሉ ሻጭ ነው። ጃልዴሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ከሸጥክ ለሷ ግዛ» አለ። «የሸጥከው የሷን ነው፣ የኔን አይደለም። እኔ ሰጥቼ ጨርሻለሁ።» እጁን ከመኪናዋ ላይ አንሥቶ ቀጠለ። «ልጅቷ ዛሬ ሰጥታለች። በልጅነቷ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ሁለት ብላ ሰጥታለች። የሰጠ ሰው እጁ ባዶ ነበር አይባልም፤ ነውር ነው። ወሰደ በላት።»

«እንዴት አድርጌ...»

«ወሰደ በላት።»

ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ቢረሳው ጠየቀው። አዶላ ወርቅ የሚቆፈርበት ቦታ ሰው ይቀጥራሉ ሲባል ሰምቷል አለ፤ ልጆች እንዲሁ አይጠብቁም። ስልሳ ከብት ያግድ የነበረ ሰው በዚያ ዕድሜው ጭቃ ሊዝቅ ነው። ቢረሳው እስከዚያ ላድርስህ፣ እባክህ ግባ ብሎ በሩን ከፈተለት። ጃልዴሳ ዱላውን በመስኮቱ ስቦ አወጣ። ዳገቱን ቀና ብሎ አየና፣ ሩቅ አይደለም፣ ቤንዚንህን ቆጥብ አለው። ሲናገር ፌዝ አልነበረበትም፤ የወዳጅ ምክር ነበር። ሣሩን በእጁ እንደያዘ በመንገዱ ዳር ወጣ።

ቢረሳው ጠመዝማዛው እስኪሰውረው ቆሞ አየው። መኪናዋን አዙሮ ቁልቁለቱን ሲጀምር እጁ በልማድ ሞተሩን አጠፋ፤ በፎሌ ለቀቃት። ጎማው ጠጠሩን ሲቆረጥም ብቻ ይሰማል። በሌላ ቀን ይህ ዝምታ ያስደስተው ነበር፤ አንድ ጠብታ ሳይነድ የሚሄድበት መንገድ ነውና። ዛሬ ግን የራሱን እስትንፋስ ሰማበት፤ መጀመሪያ ነፋስ መስሎት ነበር። አለቀሰ፤ የሚያየው ሰው እንደሌለ እያወቀ እንኳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲጨርስ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ለልጁ የሚላትን ማዘጋጀት ጀመረ። የየሺ ወንድም ደኅና ነው። ላሞቹ ደኅና ናቸው። ጃልዴሳ እየነዳ በአቋራጭ ወደ ሊበን ወርዷል። ሁሉንም ደጋግሞ አጠናው።

ነጌሌ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የሺ ጣውላዎቹን አጋድማ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ ባዶው ወንበር አየች፣ ወደ ባሏ ፊት አየች። ዓለሚቱ ግን መኪናዋ ሳትቆም ነበር መስኮቱ ላይ የደረሰችው። ወሰደ? ወስዷል። ደስ አለው? በጣም ደስ አለው። በእግሩ ነው የነዳቸው? በእግሩ። ሁሉም እንደ ተጠናው ወጣ። ሦስቱ ወደ ኋላ ዞረው መግፋት ጀመሩ።

«የትኞቹን መረጠ፣ አባባ?»

ቢረሳው በመንገዱ ሁሉ ሲያጠና ይህቺን አላሰባትም ነበር። እየገፋ ወደ አፉ የመጣለትን የመጀመሪያ ስም ጠራ። «ዳማን» አለ። «ዳማንና... ጉራቻን።»

ዓለሚቱ መግፋቷን አቆመች። መኪናዋ ጣውላው ላይ ለገመች፤ የሺ በትከሻዋ ደገፈቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗን እንባ ሞላው፣ ግን አልፈሰሰም። ከዚያ መዳፏን መልሳ ቆርቆሮው ላይ አደረገች።

«ይሁን» አለች። «ከሁሉም ወተት ያላት ዳማ ናት። ልጆቹ ይጠግባሉ።» አንድ ጊዜ ገፋችና ደግሞ ቀና አለች። «ስሟን ነገሩት? በስሟ ካልተጠራች ወተቷን አትለቅም።»

የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ነግሬዋለሁ» አለ ቢረሳው።